እህቴ ጨርቅ አታጥፍም

እህቴ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርታለች፤ በሃያ ዓመት ፊቷን ያዩ ደንበኞች ግን ቢቆጠሩ የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም። ከቤቱ ኋላ በቡናማ መጋረጃ የተከለለ ጥግ ነበራት። እዚያ ውስጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ አምፖልና ወገብ የሚደርስ የተመላሽ ክምር ነበር። ተመላሽ ማለት ደንበኛ ወስዶ፣ ለብሶ፣ መስታወት ፊት ተገለባብጦ፣ "አልሆነኝም" ብሎ የመለሰው ልብስ ነው። ሌሎቹ አዲስ ጨርቅ ይሰፋሉ፤ እሷ የሌሎቹን ጥፋት ትፈታና መልሳ ትገጥማለች። ምስጋናው የእነሱ ነበር።

መጋረጃው የተሰቀለው ለትከሻዋ ነው። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ሦስት ጣት ዝቅ ይላል፤ ከተወለደች ጀምሮ አከርካሪዋ ትንሽ ጠመም ያለ ነው። አያማትም፣ ከሥራ አያግዳትም፣ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። የሰፈር ልጆች ግን ገና በአምስት ዓመቷ "ዘንበል" አሏት፣ ስሙም እንደ ማስቲካ ተጣበቀባት። እኔ ታናሿ ስለሆንኩ እታለም እላታለሁ። እንዲህ ስል ጨዋ እንዳልመስላችሁ። ስምንት ዓመቴ ሳለ አንዲት የክፍሌ ልጅ "ያቺ ዘንበል እህትሽ ናት?" ብላ ብትጠይቀኝ "አይ፣ ጎረቤታችን ናት" ብያለሁ። እታለም ቦርሳዬን ይዛልኝ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ቦርሳዬን አልጣለችውም፤ እስከ ቤት ይዛልኝ ሄደች። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

እናታችን የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችን። እማዬ ልጇን ትወዳለች፤ የምትወደው ግን በመሸፈን ነው። እታለም የምትለብሰው ልብስ ሁሉ ግራ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ አለው። እማዬ ከአሮጌ ትራስ ቆርጣ፣ በጨርቅ ለብጣ፣ በእጇ ትሰፋዋለች። ከላይ ደግሞ በጋ ሆነ ክረምት ሻርፕ አለ። "እንዳያዩብሽ ነው እንጂ ልጄ፣ ሰው ክፉ ነው" ትላለች። ሰው ክፉ ከሆነ ስፖንጁን ሰው ይልበሰዋ! እንዲህ ስል እማዬ ትቆጣኛለች፤ እታለም ግን ዝም ትል ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሷም እስከ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ አቆየችው።

የስፌት ቤቱን ባለቤት ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት፤ እዚህ ግን ስለማትሰማኝ አንቱታውን ልተወው። እጇ ወርቅ ነው፣ ምላሷ መርፌ። መጋረጃውን ያሰቀለችው እሷ ናት። እታለም በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት "የኔ እህት፣ ደንበኛ አንቺን ሲያይ ስፌታችን የጠመመ ይመስለዋል፤ ለቤቱ ብዬ ነው" አለቻት። እታለምም መጋረጃው ውስጥ ገባች።

ባለፈው ዓመት የቤቱ ቆራጭ፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ዓይናቸው ስለደከመ መቀሳቸውን ሊሰቅሉ ሆነ። ስፌት ቤት ውስጥ ሁሉም ይሰፋል፤ የሚቆርጠው ግን አንድ ሰው ነው። የመቁረጫው ጠረጴዛ ያለው ከፊት፣ ከትልቁ መስኮት ሥር፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት ቦታ ነው። ቆራጩ የደንበኛውን ልክ ራሱ ይወስዳል፣ ጨርቁን ራሱ ያነጥፋል፤ እሱ ያበላሸውን መርፌ አያቃናውም። እታለም ያን ጠረጴዛ በመጋረጃው ክፍተት እያየችው ነው የኖረችው። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ እንደነከረች "እኔ ብቆርጥ ኖሮ ተመላሽ አይኖርም ነበር" አለችኝ። በሕይወቷ የተመኘችውን ነገር ስትነግረኝ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት።

እትዬ ከገበያ አንድ ፓተርን ገዝታ መጣች። ፓኬቱ ላይ ሸሚዝ የለበሰች፣ አንገቷን ሰበር ያደረገች ፈገግተኛ ሴት አለች፤ ውስጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወረቀት ነው። "ከዚህ ወረቀት ለየራሳችሁ ሸሚዝ ሰፍታችሁ ቅዳሜ ጠዋት ለብሳችሁ ትቆማላችሁ። በልኩ የተቀመጠላት ትቆርጣለች" አለች። ሁላችሁም ትበል እንጂ ዓይኗ ያለው ሎጋዋ ላይ ነበር። ሎጋዋ ከፊት የምትሰፋው ወጣት ናት፤ ቁመናዋ ሸንበቆ፣ እጇም ንጹሕ፤ ክፋት የለባትም።

ያን ጊዜ መጋረጃው ገለጥ አለ። "ወረቀቱን እኔም ልገልብጠው?" አለች እታለም።

እትዬ ሳቀች። "አንቺ? ለብሰሽ ልትቆሚ?"

"ለብሼ ልቆም።"

እትዬ ደግሞ "ገልብጪ እንግዲህ፣ ወረቀት አይጎዳም" ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ይህን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው።

እሁድ ጠዋት እታለም ቤት ጠረጴዛችን ላይ አቡጀዲ ዘረጋች፤ እውነተኛው ጨርቅ ሳይነካ ለሙከራ መሆኑ ነው። ፓተርን ለማያውቅ ላስረዳ። ወረቀቱ የሚሰጣችሁ የገላን ግማሽ ነው፤ ግማሽ ፊት፣ ግማሽ ጀርባ፣ አንድ እጅጌ። ጨርቁን ለሁለት ታጥፉታላችሁ፣ ወረቀቱን ላዩ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ሁለቱን ድርብ ባንዴ ትቆርጣላችሁ፤ ሲዘረጋ ግራና ቀኙ መንታ ይሆናል። ወረቀቱን የሣለው ሰው አንድ ጎናችሁን አይቶ ሌላውንም ያወቀ መስሎታል።

እታለምም አጠፈች። ሃያ ዓመት የሰው ጥፋት ስትፈታ የኖረች ሴት፣ ያንን ትከሻ ይዛ፣ ጨርቁን ለሁለት አጥፋ ቆረጠችው! እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ እስፒል ሳቀብላት አልታየኝም። የሰፊ እጅ ጨርቅ ሲያይ ማንም ሳያዘው ያጥፋል። በእጇ ሰፋ ሰፋ አድርጋ ወስውሳ ስትለብሰው ግራ ብብቷ ሥር ጨርቁ ተጨማደደ፣ የደረቱ መሐል ወደ ግራ ተንሸራተተ፣ ጫፉም ባንድ ወገን ወረደ። መስታወቱ ውስጥ ራሷን ዐይታ እጇን እማዬ ቆርጣ ወዳስቀመጠችላት ስፖንጅ ሰደደች።

ስፖንጁን እንደያዘች ቆመች። "አየሽ" አለችኝ ቆይታ፣ "ተመላሹ የሚመጣው ከዚህ፣ ከማጠፉ ነው። ሁሉም 'አንዱ ጎን ይነሳብኛል' ነው የሚለው። እኔም ስፖንጅ እየከተትኩ ስመልስላቸው ኖርኩ።" ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ስፖንጁን በመስኮት ወረወረችው። የጎረቤት ድመት መጥታ አሸተተችው፣ እሷም አልሆናትም መሰለኝ ትታው ሄደች።

"ሜትሩን አንሺ። ግራዬን ለብቻ፣ ቀኜን ለብቻ ለኪ።"

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ የእህቴን ግራ ትከሻ በእጄ የነካሁት ያን ቀን ነው። ከአንገቷ ሥር እስከ ትከሻዋ ጫፍ፣ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ ወገቧ ለካሁ። "አዝነሽልኝ ግማሽ ጣት እንዳትሰርቂ" አለችኝ። እውነትም ልሰርቅላት ነበር። ያ የቦርሳው ነገር ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። "ሜትሩን አታርጥቢው፣ ይሳባል" አለች እንጂ ዞር ብላም አላየችኝ።

ቀኙን እንደ ወረቀቱ ተወችው። ግራውን ባዶ ካርቶን ላይ ራሷ ሣለችው፤ ትከሻውን አወረደች፣ የብብቱን ቅድ አብራ አወረደች፣ ጎኑን በዚያው ልክ አሳጠረች። ወረቀቱ ላይ ትከሻን የሚያለብስ ሰፊ ኮሌታ ነበረው፤ እሱን ጣለችና ቀጥ ብሎ የሚቆም አጭር ኮሌታ ሰጠችው። ጨርቁን ሳታጥፍ፣ ነጠላውን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋችው። የመረጠችው ጨርቅ ደግሞ ነጭ ላይ አግድም ሰማያዊ መስመር ያለው ነው። ባለ መስመር ጨርቅ ሐሜተኛ ነው፤ ትንሽ ጥመት ካገኘ ለአገር ምድሩ ይናገራል። ሰፊዎች ሁሉ ይሸሹታል።

እማዬ እጇን እያደራረቀች ከጓሮ ገባች። ጨርቁን አየች። "ምነው ልጄ፣ ባለ መስመር? ጥቁር አጣሽ?"

"አላጣሁም።"

"ያ ትከሻ የሚያለብሰው ኮሌታስ?"

"ጣልኩት።"

"ስፖንጁስ?"

"በመስኮት" አልኩ እኔ፤ አፌ አያርፍም።

እማዬ ክው አለች። "ያዩሻል እኮ!"

"ይዩኝ" አለች እታለም።

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "ሰው ሲስቅብሽ ማየት አልችልም" አለች። እታለምም "እንግዲያው አትምጪ እማዬ" ብላ መቀሷን አነሳች። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ነበር። እማዬ እስከ ቅዳሜ አኮረፈች።

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የማትረባ ጉርድ ቀሚስ ይዤ፣ "ጫፏን አሳጥሩልኝ" በሚል ሰበብ ስፌት ቤቱ ሄጄ ተገተርኩ። ሎጋዋ ወጥታ ቆማለች። ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ከወረቀቱ አንዲት ክር አልተዛነፈም። እትዬ ዙሪያዋን እየዞረች "ተመልከቱ! ፓኬቱ ላይ ያለችው ሴት ራሷ!" አለች። ለመቁረጫው ጠረጴዛ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

መጋረጃው ተገፋ።

ሻርፕ የለም። ስፖንጅ የለም። እታለም ፀጉሯን ሰብስባ ወደ ላይ አስራዋለች፤ አንገቷን ከነትከሻዋ ማንም እንዲያየው። ግራ ትከሻዋ እንደ ሁልጊዜው ሦስት ጣት ዝቅ ብሏል። ሰማያዊዎቹ መስመሮች ግን ውሃ ልክ የተቀመጠባቸው ይመስል ከብብት እስከ ብብት ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ቁልፎቹ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ቀጥ ብለው ወርደዋል። አንድ መጨማደድ የለም። እህቴ ቆንጆ መሆኗን ያን ቀን አወቅሁ፤ እስከዚያ ቀን ባለማወቄ እናደዳለሁ።

እትዬ ቅንድቧን ሰቀለች። ጨርቁን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችና "ስፌቱ ጥሩ ነው" አለች፤ "ግን ይሄ የኔ ወረቀት አይደለም። አበላሽተሽዋል። ቆራጭ ማለት ወረቀቱን የሚያከብር ነው።"

"ወረቀቱ ግማሽ ነው እትዬ። እኔ ደግሞ ግማሽ አይደለሁም።"

"ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው፤ የኔ እህት። ሌላው ሰው ትክክል ነው።"

"ማነው ትክክሉ?" እታለም ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። "እስቲ ይቁሙልኝ።"

የሁሉም መኪና ቀጥ አለ። "እኔን?" አለች እትዬ።

"እርስዎን።"

"ቁሚላት እንጂ፣ ሜትር አይናከስም!" አሉ ጋሼ ከጠረጴዛቸው።

እትዬ የሰው ዓይን ስለበዛባት ቆመች። እታለም ሳትቸኩል ለካቻት፤ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ። "ቀኝዎ አንድ ጣት ዝቅ ይላል። ሠላሳ ዓመት ከባድ ካውያ የያዘ ትከሻ ነው" አለች። ቀጥላ ሎጋዋን ጠራቻት። "አንቺ ግራሽ ግማሽ ጣት፤ ቦርሳሽን የምታንጠለጥይበት ነው። ኮሌታሽ ወዴት እንደሄደ እዪው።" ሎጋዋ መስታወቱን አየች፤ ኮሌታዋ እውነትም ወደ ግራ ሸሽቷል። "ኧረ እውነቷን ነው!" ብላ በራሷ ሳቀች። ጋሼም እየተጎተቱ መጥተው "የኔስ?" አሉ።

"የእርስዎማ ይቅር ጋሼ፣ ሜትሩ አይበቃም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እታለም ግን አልሳቀችም። "ሃያ ዓመት ተመላሽ ስፈታ አንድ እንኳ እኩል ትከሻ አላጋጠመኝም" አለች። "የኔ ስለሚታይ ነው መጋረጃ የተሰቀለብኝ።"

እትዬ ክፉ ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። የሸሚዙን መስመር እንደገና አየችው፤ ወደ ተመላሹ ክምርም ዓይኗን ወርወር አደረገች። "እሺ፤ ትቆርጫለሽ" አለች። ልጮህ አፌን ስከፍት ቀጠለች። "ጠረጴዛውን ግን ወደ ኋላ፣ ወደ መጋረጃው እናስገባዋለን። አንቺም ለምደሽዋል፣ አይከብድሽም። ልክ የምትወስደው ሎጋዋ ትሁን።" ድምፅዋ ማር ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እታለም ሜትሯን ጠቀለለች። ወደ ጥጓ ገብታ የራሷን መቀስ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ መርፌዎቿን በቆርቆሮዋ ይዛ ወጣች።

"ወዴት ነው?" አለች እትዬ።

"ሄድኩ እትዬ። እኔ የፈለግሁት ጠረጴዛውን ነው፤ ጠረጴዛው ያለው ደግሞ መስኮቱ ሥር ነው።"

"ያንን ትከሻ ይዘሽ ማን ሊቀጥርሽ?"

ያቺን የማትረባ ጉርድ ፊቷ ላይ ልወረውርባት እጄ ተነስቶ ነበር። እታለም ግን ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። "ይህንን ትከሻ ይዤ ነው ሃያ ዓመት የቤቱን ጥፋት ያቃናሁት። የዛሬውን ተመላሽ እርስዎ ይፍቱት።"

በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ሎጋዋ ቀስ ብላ "እኔ ተመላሹን አልችለውም እትዬ፣ እውነቴን ነው የምልዎ" አለች። ጋሼ ደግሞ ወንበር ጎትተው መጋረጃው ሥር አቆሙ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዓይናቸው፣ ላዩ ላይ ወጡና የመጋረጃውን ቀለበት አንድ በአንድ ያወልቁ ጀመር። ወንበሩ ይንገጫገጫል።

"ኧረ ይውረዱ! ይሰበራሉ!" ብላ ጮኸች እትዬ።

"ካልሽ አንቺ ነይና መጋረጃውን አውርጂው።"

"እሺ! እሺ አልኩ! ይነሳል፣ ይውረዱልኝ ብቻ!" እትዬ ወንበሩን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች። ከዚያ ወደ በሩ ሳታይ "አንቺም መቀስሽን መስኮቱ ሥር አስቀምጪ፣ ደንበኛ ሊመጣ ነው" አለች። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም የሚባለው እውነት ነው።

ከሰኞ ጀምሮ እታለም መስኮቱ ሥር ቆማ ትቆርጣለች። ባለ መስመሩን ሸሚዝ በሳምንት ሁለቴ ትለብሰዋለች። ልጆች በመጀመሪያ እየቆሙ "ዘንበል!" ይሏት ነበር፤ መቀሱን ከፈት ዘጋ እያደረገች ሰላም ስትላቸው ሰለቻቸውና ተዉት። ማንም ሰው ልብስ ሊያሰፋ ሲመጣ ግራውን ለብቻ ቀኙን ለብቻ ትለካለች፤ ጨርቅ አታጥፍም። ተመላሹ ከወገብ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። እማዬ ግን አልመጣችም። በዚያ መንገድ ማለፍ ሲኖርባት እንኳ ዞራ ነበር የምትሄደው።

ወር ሲሞላ እኔው ጎትቼ አመጣኋት። ጨርቋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ሻርፗን እስከ አገጯ ስባ፣ መሬት መሬት እያየች ገባች። "ልብስ ላሰፋ ነበር" አለች፣ ልክ እንደ እንግዳ ሰው።

"ነይ እዚህ፣ ብርሃኑ ጋ" አለቻት እታለም።

"ወደ ውስጥ ገባ ብንል አይሻልም ልጄ?"

"ልክ የሚወሰደው እዚህ ነው እማዬ። ሻርፑን አውልቂ።"

እማዬ አወለቀችው፤ ይዛው ግን ቀረች። እታለም ግራዋን ለካች፣ ቀኟን ለካች፣ ቀኟን ደግማ ለካች። "ቀኝሽ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል" አለቻት።

"ሁለት ጣት? የኔ?"

"እርጥብ ልብስ የተሸከምሽበት ነው።"

እማዬ በግራ እጇ ቀኝ ትከሻዋን ዳበሰችው፣ አንድ ሰው እዚያ አስቀምጦት የሄደ ይመስል። የልጇን ትከሻ ስትሸፍን ዕድሜዋ አልቋል፤ የራሷን አንድም ቀን አላየችውም። "ስፖንጅ ታደርጊልኛለሽ?" አለች በቀጭን ድምፅ።

"ስፖንጅ የለንም እማዬ።"

በዚህ መሐል ሁለት ሴቶች መንገድ ላይ ቆመው በመስኮቱ ያፈጣሉ። አንደኛዋ ሌላዋን በክርኗ ጎሸም አድርጋ በከንፈሯ ወደ እታለም ትከሻ ጠቆመቻት። ሁለቱም ሳቁ። እታለም አይታለች፤ ሜትሯን ግን አላነሳችም። እማዬም አየች። ሻርፑ እጇ ላይ ነው። አሁን የልጇ ትከሻ ላይ ጣል ታደርገዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

እማዬ ሻርፑን ለእኔ ወረወረችልኝ። በዚያ ውሃ በበላው እጇ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ምን ታያላችሁ?" ብላ ጮኸች፤ መንገዱ ሁሉ ዞረ። "ልጄ ናት! ልኬን እየወሰደች ነው! ከፈለጋችሁ ግቡና ተራ ያዙ!"

"እማዬ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ እንጂ" አለች እታለም፤ "ሜትሩ ተንሸራተተብኝ።" ከአንገቷ ጀምራም እንደገና ለካቻት።